ልጅ በማንገላታት ወንጀል ለተከሰሰ ሰው፦ ወሎ ውስጥ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ይግባኝ

በልጅ አያያዝ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ችሎት ፊት አይደለም። ቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ በተናገረው ቃል፣ ሽማግሌ ፊት በፈረመው ወረቀት፣ ወይም ልጁ ያለበት ቤት ሄዶ «ምን ብለህ ነው የተናገርከው?» ብሎ በመጠየቁ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከችሎቱ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

መመሪያው ለወላጅ፣ ለእንጀራ አባትና እናት፣ ለአያት፣ ለአሳዳጊ ዘመድ፣ ልጅ በሠራተኝነት ላስቀመጠ ሰው፣ እንዲሁም ለመምህር፣ ደረሳ ለሚያስቀራ ሼህና ለየኔታ ይሆናል። የጾታ ጥቃት ክስ በሌላ ክፍል የሚታይና ቅጣቱም እጅግ የከበደ ስለሆነ እዚህ አልገባም። የሚጠቀሱት አንቀጾች የ1996ቱ የወንጀል ሕግና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ናቸው፤ ሕግ ይሻሻላልና በሚከራከሩበት ቀን የሚሠራበትን ከጠበቃ ጋር ያመሳክሩ።

ክሱ የትኛው ነው?

መጀመሪያ የሚጠየቀው «አደረግኩ ወይስ አላደረግኩም» ሳይሆን «በየትኛው አንቀጽ?» የሚለው ነው። ዋናው አንቀጽ 576 ነው። አንድ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በኃላፊነቱ ወይም በጥበቃው ሥር ያለ ሰው ልጁን ካንገላታ፣ ከአቅሙ በላይ ካሠራ፣ ከደበደበ ወይም ሳይንከባከበው ከቀረ በንዑስ አንቀጽ 1 እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ይቀጣል። በልጁ ጤና፣ ደኅንነት፣ ትምህርት፣ አካል ወይም አእምሮ እድገት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ንዑስ አንቀጽ 2 ይመጣል፤ ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ሲሆን በላዩ የቤተሰብ መብት መታጣት (የወላጅነትና የአሳዳጊነት ሥልጣንን ማጣት) ይጨመርበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ስለሆነ «ከባድ» የምትለው ቃል ብቻዋን ግማሽ ክርክር ናት።

ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት አራት ነገር ነው፤ የልጁን ዕድሜ፣ ልጁ በእርስዎ ኃላፊነት ሥር መሆኑን፣ ድርጊቱን፣ እና የሐሳብ ክፍሉን፣ ማለትም ድርጊቱ ታስቦ መፈጸሙን። ሦስቱን አስረድቶ አራተኛው ከጎደለው ክሱ አልቆመም።

ብዙ ተከሳሽ የሚዘነጋው አራተኛውን ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። አንቀጽ 576 ቸልተኝነትን አይጠቅስም። እናት ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ልጁ ምድጃ ላይ ወድቆ ቢቃጠል የሚያሳዝን አደጋ ነው፤ በ576 ለመቅጣት ግን አስባ ወይም ውጤቱን አውቃ «የመጣው ይምጣ» ብላ እንደተወችው መረጋገጥ አለበት። በአንጻሩ ዐቃቤ ሕግ አንቀጹን ቀይሮ በ559፣ በቸልተኝነት አካል ማጉደል፣ ሊከስ ይችላል፤ ልጁ ከሞተም 543 አለ። ስለዚህ መልሱ «ሳላስብ ነው» በሚል ብቻ አይቆምም። ምን ጥንቃቄ እንደነበረ መታየት አለበት፦ ማን ይጠብቅ ነበር፣ ስንት ደቂቃ፣ እሳቱ ምን ላይ ነበር።

ሌሎቹም አንቀጾች እዚሁ አካባቢ ናቸው። 658 ቀለብ አለመስጠት ነው። 659 ልጅን መጣል፣ ወይም አደጋ እንደሚደርስበት እየታወቀ ወይም መገመት እየተቻለ ለሌላ ሰው ለረጅም ጊዜ መስጠት ነው። 648 ያለዕድሜ ጋብቻ ሲሆን ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል በ561 እና በ562፣ የሴት ልጅ ግርዛት በ565 ይታያሉ። በእነዚህ «ባህላችን ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም፤ እንዲያውም ክሱን ያጠናክራል።

በ659 የሚከሰሱት ብዙ ጊዜ ዐረብ አገር የሄደች እናት ወይም ልጅ የተቀበለች አክስት ናቸው። እዚህ ጥያቄው መሄዷ ሳይሆን ለማን እንደሰጠችና ምን ታውቅ እንደነበር ነው። ሐይቅ ወይም መርሳ ላለች እህቷ ልጇን ትታ በየወሩ ገንዘብ የምትልክ ሴት የባንክ መላኪያ ደረሰኞቿን፣ የስልክ መልእክቶቿንና የትምህርት ቤት ክፍያ ወረቀቶችን በቀን ቅደም ተከተል ካቀረበች «ጣለች» የሚለው ክስ ይሳሳል።

የመጀመሪያው 48 ሰዓት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው እንዲያውቅና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከገጠር ቀበሌ እስከ ወረዳ ከተማ ለመድረስ የሚያስፈልገው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም፤ መኪና ጠፋ ተብሎ ሦስት ቀን ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። የተያዙበትን ሰዓት ቤተሰብ ወዲያው ጽፎ ይያዝ።

መርማሪው ሲጠይቅ ስምና አድራሻ ይናገሩ። ስለ ድርጊቱ «ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ» ማለት መብት ነው፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 27 መልስ ለመስጠት እንደማይገደዱ ይላል። ይህን ማለት ሰው ፊት ያሳፍራል፣ «ንጹሕ ከሆንክ ለምን ትደብቃለህ?» ይባላል። ይሁን። «መታሁት፣ ግን ለእርምት ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር መዝገብ ላይ ስትሰፍር «መታሁት» ትቀራለች፣ «ለእርምት» ትጠፋለች።

ቃል ከሰጡ ሳያነቡ አይፈርሙ። ማንበብ የማይችል ሰው ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ ያልተናገሩት ከተጻፈ እንዲታረም፣ ካልታረመም ላለመፈረም ይችላሉ። ከሚሴ፣ ባቲ ወይም አርጎባ አካባቢ አፍ የፈቱበት ቋንቋ አማርኛ ካልሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በጥቂቱ የሚገባ አማርኛ ለገበያ ይበቃል፣ ለወንጀል ቃል አይበቃም። ፖሊስ በአንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ወስዶ ቃልዎን ሊያስመዘግብ ከፈለገ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ዳኛ ፊት የተሰጠን ቃል በኋላ ማስተባበል ከባድ ነው። ተገድደው ወይም ተመትተው ከሆነ የሚናገሩት ያን ጊዜ፣ እዚያው ዳኛው ፊት ነው።

ጠበቃ መግዛት ያልቻለ ሰው ፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ሰዎች ወሎ ዩኒቨርሲቲን ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅም አንድ በር ነው።

ጊዜ ቀጠሮና ዋስትና

ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ሲል በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊሰጠው ይችላል። ዝም ብለው አይቀመጡ፤ «ምን ቀረ?» ብለው ያስጠይቁ። የሐኪም ማስረጃ ከመጣ፣ ምስክሮች ቃል ከሰጡ፣ እርስዎን ማሰር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ይህ መልስ ካጣ ቀጠሮው ይወድቃል።

በ576 ዋስትና በመርህ ደረጃ የተፈቀደ ነው። የሚከለከለው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ነው፦ ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል። በልጅ ጉዳይ የሚነሳው ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው፤ ልጁ ቤት ነው ያለው፣ እርስዎም ቤት ይመለሳሉ። ስለዚህ ዋስትና ሲጠይቁ መፍትሔውን ይዘው ይቅረቡ። «ልጁ አያቱ ዘንድ ይቆያል፣ እኔ ዘመዴ ቤት አድራለሁ፣ አድራሻው ይህ ነው» የሚል ተጨባጭ ሐሳብ ከአሥር የሕግ ጥቅስ ይበልጣል። ቤተሰብ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቀበሌ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ደሞዝተኛ ዋስ ከተገኘ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ዓርብ ከሰዓት የተፈቀደ ዋስትና ወረቀት ጎድሎበት ወደ ሰኞ ይተላለፋል። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

በዋስ ከወጡ በኋላ ልጁን ስለ ጉዳዩ አያነጋግሩ፤ በስልክም፣ በዘመድም፣ በጓደኛም። ክሱን የሚያከብደው ይህ ነው፣ ልጁንም የሚጎዳው ይህ ነው።

አበጋሩ፣ ሼሁ፣ ቄሱ

ወሎ ላይ ነገር ከመድረሱ ሽማግሌ ይቀመጣል። ልጅ ከአባቱ፣ ምራት ከአማቷ ጋር ከተጣላ አበጋሮች (የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች)፣ ሼሁና ቄሱ ይጠራሉ፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ይቅር ይባባላሉ። ይህ ለቤተሰቡ ሰላም ጥሩ ነው። የወንጀሉን መዝገብ ግን አይዘጋም። አንቀጽ 576 በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ተብሎ አልተጻፈምና የልጁ እናት «ታርቀናል» ብትል እንኳ ዐቃቤ ሕግ ሊቀጥል ይችላል።

ክፍተቱ የሚፈጠረው በእርቁ ወረቀት ነው። «ልጁን በመበደሌ ካሣ ልከፍል ተስማምቻለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው በገዛ እጁ ማስረጃ ጽፏል። እርቅ ካስፈለገ ወረቀቱ ስለ ወደፊቱ ይናገር፤ ልጁ የት እንደሚኖር፣ ትምህርቱን ማን እንደሚከፍል፣ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን። ስላለፈው ጥፋት ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ አንዲት ቃል አይጻፍ። ለምስክር ገንዘብ መስጠት፣ «ቃልህን ቀይር» ብሎ በሽማግሌ ማስላክ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

በሸሪዓ ፍርድ ቤት የፍቺ ወይም የልጅ ማሳደግ ጉዳይ እየታየ ከሆነ ያም መዝገብ ይታሰብ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወንጀል አያይም፤ እዚያ የተነገረ ግን ወደ ወንጀሉ ችሎት ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን መዝገብ አንድ ጠበቃ ቢያይ ይሻላል።

ክሱ በእጅዎ ሲገባ

የክሱን ግልባጭና የማስረጃ ዝርዝሩን ይቀበሉ። ከዚያ እርሳስ ይዘው አራት ነገር ያስምሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የድርጊቱ ዓይነት፣ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ። «በተለያዩ ጊዜያት ሲያንገላታው ቆይቷል» የሚል ክስ ለመከላከል አይመችም፤ መቼ የት እንደሆነ ካልታወቀ እርስዎ ደሴ ገበያ እንደነበሩ በምን ያስረዳሉ? ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 111 እና 112 የወንጀሉን ጊዜ፣ ቦታና ሁኔታ እንዲገለጽ ስለሚጠይቅ ክሱ እንዲሻሻል ያመልክቱ።

የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች በአንቀጽ 130 ተቆጥረዋል፤ በጉዳዩ ቀድሞ ተፈርዷል፣ ይርጋ (ለክስ የተወሰነው ጊዜ) አልፏል፣ ከሌላ ተከሳሽ ጋር መታየቱ ይጎዳኛል የሚሉት ከእነዚህ ይገኙበታል። ይርጋው በ576 ንዑስ አንቀጽ 1 ለተከሰሰ 3 ዓመት፣ በንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ 5 ዓመት ነው። ከፍቺ በኋላ ድሮ የሆነ ነገር ተቆፍሮ የመጣ እንደሆነ ይህ ወሳኝ ነው። መቃወሚያ በጊዜው ካልተነሳ ይታለፋል።

የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቁ «ፈጽሜያለሁ፣ ግን…» አይበሉ። ክሱን በምልዓት ካላመኑ ቃልዎ «ወንጀሉን አልፈጸምኩም፣ ጥፋተኛም አይደለሁም» ነው፤ ማብራሪያው በመከላከያ ይመጣል። ዳኛው «ግን» ያለበትን ቃል እንደ ክህደት መመዝገብ ሲገባው እንደ እምነት ከመዘገበው እዚያው ያሳርሙ።

የእርምት ክርክር

576 ንዑስ አንቀጽ 3 ከሕግ ጋር የማይቃረን፣ ለመልካም አስተዳደግ የሚደረግ የእርምት እርምጃ በድንጋጌው አይሸፈንም ይላል። ወላጆች ይህን እንደ ሰፊ በር ያዩታል፤ ጠባብ ቀዳዳ ነው። የሚመዘነው ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ በምን ተመታ፣ የት ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ ምልክቱስ ስንት ቀን ቆየ በሚለው ነው። ጭንቅላት፣ ፊት፣ ሆድ ላይ ያረፈ ምት፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ወይም በጋለ ነገር የተደረገ፣ ወይም በርበሬ ማጠን እርምት ተብሎ አይተርፍም። መምህርና የልጅ ማሳደጊያ ሠራተኛ ጭራሽ አይጠቀሙበትም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ መሆኑን ደንግጓል። ሼሁም የኔታም በዚሁ መሥፈርት እንደሚመዘኑ አስበው ክርክራቸውን በሌላ መሠረት ላይ ያቁሙት።

«ከአቅሙ በላይ አሠራው» በሚል ክስ ከብት ማስጠበቅ ብቻውን ወንጀል አይደለም። የሚያስጠይቀው ትምህርቱን ሲያሳጣው፣ ሌሊት ሲያስወጣው፣ ሲያስርበው ነው። የትምህርት ቤቱ የመገኛ መዝገብ እዚህ ላይ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል፤ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ በትእዛዝ ያስጠይቁ። በቅጥር ሥራ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይና ሌሊት ማሠራትን አይፈቅድም።

የሐኪም ወረቀት ምን ይናገራል?

የሐኪም ማስረጃ ጉዳት መኖሩን እንጂ ማን እንዳደረሰው አይናገርም። ቀድመው ግልባጩን ያውጡና እነዚህን ይዩ፤ ልጁ መቼ ተመረመረ፣ ጉዳቱ ትኩስ ነው ወይስ የቆየ፣ ሐኪሙ በዓይኑ ያየውን ከተነገረው ለይቶ ጽፏል? «እንጀራ እናቱ መታችው» የሚል ዓረፍተ ነገር በሕክምና ወረቀት ላይ ካለ ሐኪሙ የሰማው ነው።

የተደጋገሙ ምልክቶችም ማብራሪያ ሊኖራቸው ይችላል። በባህል ሕክምና የተተኮሰ ቦታ ክብ ጠባሳ ይተዋል፤ አንዳንድ ሕፃን ከታች ጀርባው ላይ ሰማያዊ ምልክት ይዞ ይወለዳል፤ ዛፍ የሚወጣ እረኛ ልጅ ቅልጥሙና ክርኑ ይላጫል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ የሁለት እግር እኩል ቁልጭ ያለ የቃጠሎ ወሰን፣ ወይም የገመድ ጥንድ መስመር በአደጋ ለማስረዳት ያስቸግራል። ማስተባበል የማይቻለውን ለማስተባበል መሞከር ሌላውን ክርክር ያረክሰዋል። ዕድሜ ከተካደ የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት ወረቀትና የትምህርት ቤት ምዝገባ ይቅረብ። በኤክስሬይ የሚሰጥ ዕድሜ ግምት ነው፣ ከ18 ዙሪያ ሲሆን ደግሞ የግምቱ ስፋት ራሱ የተከሳሽ ክርክር ይሆናል።

ምስክሮች

ለመስቀለኛ ጥያቄ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ምስክሩ የት ቆሞ ነበር? በዓይኑ ያየው ምኑን ነው፣ የሰማውስ ከማን ነው? ከተከሳሹ ጋር የድንበር፣ የውርስ ወይም የፍቺ ነገር አለው? መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ አይጠይቁ፤ ጎረቤት «ለምን ፖሊስ አልጠራሽም?» ሲባል «ስለምፈራው» ካለ ጥያቄው የተጠየቀው ለዐቃቤ ሕግ ነው።

ልጁ ሲመሰክር ጠበቃው ለስለስ ብሎ፣ በአጫጭር ጥያቄ ይሂድ። ልጅ ያስለቀሰ ጠበቃ ደንበኛውን አስቀጥቷል። የሚፈተነው ልጁ ውሸታም መሆኑ ሳይሆን ቃሉ የተሰጠበት መንገድ ነው፤ ከማን ጋር ሆኖ ተጠየቀ፣ ስንት ጊዜ፣ በመካከል የተቀየረ ነገር አለ?

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያልቅ ብይን ይሰጣል። ካልተረጋገጠ በአንቀጽ 141 መከላከል ሳያስፈልግ ነፃ ይለቀቃሉ። «ይከላከል» ከተባለም ተፈረደብዎ ማለት አይደለም። መከላከያ ምስክር ሁለት ወይም ሦስት፣ በዓይን ያዩ ይሁኑ። መላ እድርን መጥራት አይጠቅምም፤ «ጥሩ ሰው ነው» የሚል ምስክርነት የሚያግዘው ቅጣት ላይ እንጂ ጥፋተኝነት ላይ አይደለም። ከእነሱ ጋር የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ውጤትና የወጪ ደረሰኝ ይያያዝ። ልጁን ራሱ ወደ ሕክምና የወሰደ ተከሳሽ የካርዱ ቀንና ሰዓት ትልቁ መከላከያው ነው።

ጥፋተኛ ከተባሉ

ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ማቅለያ ይጠየቃል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መልካም ጠባይ፣ ከልብ መጸጸትና ጉዳትን መካስ ይቆጠራሉ፤ ያ የእርቅ ወረቀት፣ የሕክምና ወጪ ደረሰኝና የሽማግሌዎች ቃል ቦታው እዚህ ነው። ከፍርዱ በፊት የሚጎዳው ከፍርዱ በኋላ ይጠቅማል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 የማቅለያ ምክንያቶችን በእርከን ስለሚቀንስ እያንዳንዱን ለብቻ፣ በማስረጃ ያቅርቡ። ቀድሞ ያልተቀጣ ሰው ገደብ፣ ማለትም እስራቱ ሳይፈጸም በፈተና ጊዜ እንዲቆይለት፣ ይጠይቅ።

በንዑስ አንቀጽ 2 ከተፈረደ ከእስሩ ይልቅ የቤተሰብ መብት መታጣቱ ረጅም ጥላ አለው፤ ስለዚህ በተለይ ይከራከሩበት። ጉዳቱ ከንዑስ አንቀጽ 1 አያልፍም የሚለውን ክርክር፣ ዋናው ክርክርዎ ክህደት ቢሆንም እንኳ፣ በአማራጭ አስቀድመው ያስመዝግቡ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ዝቅ ባለው ድንጋጌ ጥፋተኛ ማለት ይችላል።

ይግባኝ ማለት ካሰቡ በ15 ቀን ውስጥ ያሳውቁ፤ የፍርድ ግልባጩ ከደረሰዎ በኋላ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለዎት። ከወረዳ ወደ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ግልባጩን በተፈረደበት ቀን ከመዝገብ ቤት ይጠይቁ፣ የጠየቁበትን ማስረጃም ይያዙ። ማመልከቻው «ተበድያለሁ» በሚል ልመና አይሞላ፤ የትኛው ምስክር ምን እንዳለ፣ ፍርዱ እንዴት እንደዘለለው፣ የትኛው የክሱ ክፍል ሳይረጋገጥ እንደታለፈ በገጽ ቁጥር ይጻፍ።